ወዳጅን ቀድሞ ስለ መሮጥ

ሁለት ወዳጆች አንድን ሩጫ አብረው ሊጀምሩና አብረው ሊጨርሱ ቃል ተገባብተው ቢነሡ፣ በመንገድም አንዱ ቢደክምና ባልንጀራውን «ተወኝ፣ ሂድ» ቢለው፣ ያ ባልንጀራ መሄድ ይገባዋልን? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ ቀላል፣ ምናልባትም የሚያስቅ ይመስላል። እኛም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ መስሎን ነበር። ዛሬ ለውድ አንባብያን፣ በተለይም ልጆችንና ወጣቶችን ለሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርበው የተነሣነው፣ ነገሩ በራሳችን ስለ ደረሰና እስከ አሁንም ከኅሊናችን ፈጽሞ ስላልወጣ ነው።

«እኛ» ስንል እንደ ልማዳችን የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ብቻ ማለታችን ነው፤ ሁለቱን ሯጮች ስናነሣ «ሁለታችን» እንላለን። ወዳጃችን በጎንደር ከተማ የሒሳብ መምህር ነው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረናል። እርሱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ እኛ ወደ ዘርዐ ክህነት ስንገባ እርሱ ወደ መምህራን ኮሌጅ ገባ፤ ወዳጅነታችን ግን አልተቋረጠም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። በልጅነታችን «አንተ» እንባባል የነበርነውን፣ ማዕረገ ክህነት ከተቀበልን በኋላ ሰው ባለበት ሁሉ «አባ» እና «እርስዎ» ይለን ጀመር። ብንቆጣውም አልተወም። ይህን ትንሽ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሩጫ የጀመርነው ሐኪም ወዳጃችንን ስለ ደም ግፊቱ ከመከረው በኋላ ነው። ብቻውን መሮጡ እንዳሳፈረው ስለ ነገረን አጀብነው። ሲነጋጋ ከፒያሳ ተነሥተን የአዘዞን መንገድ እንይዛለን። ቁልቁለቱ ሲወርዱት ያታልላል፤ ሲመለሱበት ግን ዕዳውን ከነወለዱ ያስከፍላል። በነዚያ ወራት ዳገቱ መካከል ቆመን፣ ጉልበታችንን ይዘን የምናለከልከው እኛ ነበርን። ወዳጃችን ቀጭንና ቀላል ሰው ስለሆነ ሁልጊዜ ቀድሞ ይወጣል፤ ወጥቶም ዳገቱ ካለቀበት ቦታ ካለች አንዲት ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቀናል። ስንደርስ ምንም አይልም፤ አብረን እንቀጥላለን። በዚያ ሰዓት ሰው ስለማይበዛ፣ ትንፋሽም ለአክብሮት ስለማይበቃ፣ «አንተ» ወደ ማለት ተመልሶ ነበር።

ሰው አይበዛም አልን እንጂ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን የሚሄዱ እናቶች አልፎ አልፎ ያጋጥሙናል። አንዲት ባልቴት አንድ ማለዳ መንገዱን ዘግተው «ልጆቼ፣ ምን ደረሰባችሁ?» ብለው ጠየቁን። አልተሳሳቱም። በእኛ አገር ደጋ፣ ከወገራ እስከ ዳባትና ደባርቅ፣ ጎልማሳ ሰው ሲሮጥ ከታየ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ከብት ተነድቷል፣ ወይ የወላድ ምጥ ጸንቷል ማለት ነው። ሩጫ የልጅ ጨዋታ ነው፤ በአዋቂ ዘንድ ግን የክፉ ቀን ሥራ ነው፤ የሚሮጥ አዋቂም ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰው የሚሮጥ ነው። ባልቴቷ «ወደ ማን ነው?» ማለታቸው ነበር። እኛም ወደ ማንም እንዳልሆነ መናገሩ አሳፍሮን «ለጤናችን ነው፣ እማማ» ብለን አለፍን። እርሳቸው ግን እንዳዘኑልን ቆመው ቀሩ።

ሩጫው እየለመደን ሲሄድ ወዳጃችን «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» በተባለው የዐሥር ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ እንድንሳተፍ አሳብ አመጣ። ይህ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ የተካሄደው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዋናው አንቀሳቃሹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ኃይሌ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ ከ25 ዙር በኋላ፣ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ቀድሞ የወርቅ ሜዳልያ ማግኘቱን የማያስታውስ የለም። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰዎች ሮጡ፤ በኋላ ዘመን ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ሆነ። ዕውቅ አትሌቶች ለማሸነፍ ይሮጣሉ፤ ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ግን አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ሲደክመውም እየተራመደ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ ሩጫ ውድድር ነው ወይስ ጉዞ? ለሁለታችን ጥያቄ መልሱ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ለልምምድ ብለን አንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ደባርቅ ወጣን። ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ በዚያ ቀዝቃዛና ስስ አየር የሮጠ፣ ዝቅ ወዳለ ስፍራ ሲወርድ ደረቱ የሰፋ ይመስለዋል። ያደርነው በወዳጃችን አጎት ቤት ነበር። ሽማግሌው ማታ እሳት ዳር ሆነው፣ ጣልያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሊማሊሞ ገደል ላይ የመኪናውን መንገድ ሳይቆርጥ በፊት፣ ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ጭነው በዚያ ቁልቁለት እንዴት ይወርዱ እንደነበር ከአባታቸው የሰሙትን አጫወቱን። የጉዞው ሕግ አንድ ነበር፤ ሁሉ የሚሄደው በኋለኛው ሰው እርምጃ ነው። የአንዱ በቅሎ ቢያነክስ ሁሉም ይቆማል። ገደሉ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ወይ ለሽፍታ ወይ ለጅብ ነውና። «እናንተም እንግዲህ አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ግቡ» ብለው መረቁን። ሁለታችንም «አሜን» አልን፤ እርስ በርሳችንም ቃል ተገባባን። ሽማግሌው ስለ ጉዞ እየመረቁን፣ እኛ ስለ ውድድር አሜን እንዳልን ያስተዋለ አልነበረም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአውቶቡስ ባሕር ዳርን አልፈን፣ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን። ስለ ሩጫው ማለዳ ብዙ አንጽፍም። ያየው ያውቀዋል፤ ላላየው መንገር ያስቸግራል። በየደጃፉ የቆሙ ሰዎች ውኃ ይረጩናል፤ ሕፃናት እጃችንን ሊመቱ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ወዳጃችን እንደ ልጅ ሆነ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር፣ በአዘዞ መንገድ ሮጦት በማያውቅ ፍጥነት በሰው መካከል እየተሹለከለከ አለፈ። ይህ የጀማሪዎች ሁሉ ስሕተት ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ደጋ የተወለደም ቢሆን፣ በመጀመሪያ ያባከነውን ኋላ ከየትም አያመጣውም። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ አንድ ረዥም ዳገት እንደ ጀመርን፣ ወዳጃችን መራመድ ጀመረ። ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። እኛም ከአጠገቡ ተራመድን። መቶ እርምጃ ያህል እንደ ሄድን ሳያየን እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣

«ይሂዱ፣ አባ» አለ።

ሄድን።

እውነቱን ለመናገር፣ የሄድነው አዝነን አይደለም። እግራችን በዚያ ቀን ቀላል ነበር፤ በአዘዞ ዳገት ሁልጊዜ ኋላ የምንቀር ሰዎች በዚያ ዳገት ሌሎችን ስናልፍ ደስ አለን። «ይሂዱ» የሚለውን ቃል በልባችን ስንጠብቀው የቆየን ይመስል ነበር። አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ሲሆን መጨረሻውን መስመር ተሻገርን፤ ሜዳልያ በአንገታችን ተንጠለጠለ። ሥርዐት አስከባሪዎች «ወደ ፊት፣ ወደ ፊት» እያሉ ሕዝቡን ይገፉ ነበርና፣ ከሰዉ ጋር ተገፍተን ወጣን፤ ከዚያም ወደ ማረፊያ ቤታችን ሄደን አልጋ ላይ ጋደም አልን። ሰዓታችንን በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈን እንደነበር እናስታውሳለን። ወዳጃችን የመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሜዳልያውን ከአንገቱ አውልቆ በኪሱ ይዞታል።

«አረፍ አሉ?» ብሎ ጠየቀን።

«አዎን፣ አንተስ?»

«ደኅና ነኝ።»

እስከ ጎንደር በተጓዝንበት መንገድ ሁሉ ስለ መኪናው፣ ስለ ዓባይ በረሃ ሙቀት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ተጨዋወትን። ስለ ሩጫው አንድ ቃል አልወጣም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዘርዐ ክህነት ፍልስፍና የተማረ ሰው ጥፋት ሲሠራ ጠበቃ አያጣም፤ የእኛም ጠበቃ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሆነ። ቅዱስ ቶማስ ስለ ውሸት በሚያስተምርበት ክፍል፣ ቃል የገባ ሰው፣ የሰዎቹ ወይም የነገሮቹ ሁኔታ ከተለወጠ፣ ቃሉን ባለመፈጸሙ እንደ ዋሸ አይቆጠርም ይላል። ወዳጃችን ደክሟል፤ ሁኔታው ተለውጧል። በተጨማሪም ቃሉ የተገባለት ሰው ራሱ ፈትቶናል። ስለሆነም በሕግ ፊት ነጻ ነን። ይህን ክርክር በአውቶቡሱ ውስጥ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ በልባችን ስንሰብከው ሄድን፤ እንቅልፍ ግን አላመጣልንም።

ያልመጣበትም ምክንያት ነበረው። በአገራችን ማዕድ ላይ የተቀመጠ እንግዳ «በቃኝ» ሲል እውነት በቅቶት እንደሆነ ማን ያውቃል? ጋባዡ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ሳይል አይተወውም፤ እንግዳውም ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያው «በቃኝ» ጠግቦ አይነሣም። በመጀመሪያው «በቃኝ» ሰሓኑን የሚያነሣ ጋባዥ ሕግ አልጣሰም፤ ነገር ግን ዘመድ ሁሉ ያማዋል። ወዳጃችን «ይሂዱ» ሲለን አንድ ጊዜ እንኳ «በሞቴ» አላልነውም። ደግሞም ያለን «ሂድ» አይደለም፤ «ይሂዱ» ነው። ባዶ በሆነው በአዘዞ መንገድ የቀረበን ሰው፣ በዚያ ሕዝብ መካከል በአክብሮት አርቆናል። የአክብሮት ቃል አንዳንድ ጊዜ በር መዝጊያ እንደሚሆን አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቃል።

ይሁንና ከዚህ ተነሥተን «መቆየት ነበረብን» ብለን ብንፈርድ ደግሞ ሌላውን ጎን እንስታለን። መጠበቅም ይከብዳል፤ ለሚጠብቀው ሳይሆን ለሚጠበቀው። በኛ ምክንያት ሰው ሲቆም፣ ድካማችን በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሲጫን፣ ኀፍረቱ ከድካሙ ይብሳል። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ክፍል ስለ ወዳጅነት ሲያስተምር፣ ለጥቅም ወይም ለደስታ ብቻ ከሚሆነው ይልቅ እውነተኛው ወዳጅነት የወዳጅን መልካም ነገር ስለ ራሱ ስለ ወዳጁ ብሎ መፈለግ ነው ይላል። ወዳጃችንስ በዚያች ሰዓት መልካሙ ነገር ምን ነበር? ምናልባት ብቻውን፣ ያለ ምስክር፣ በገዛ እርምጃው ዳገቱን መጨረስ ሊሆን ይችላል። አበበ ቢቂላ በ1960 እና በ1964 እ.ኤ.አ. የማራቶን ባለ ድል የሆነው ጀግና፣ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተማ እግሩን ታሞ ሮጠ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደም ከውድድሩ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት የአገሩን ልጅ ማሞ ወልዴን ሄዶ እንዲያሸንፍ እንዳዘዘው ይነገራል። ማሞም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ። ማሞ ለወዳጁ ብሎ ቢቆም ኖሮ አበበን ይበልጥ ባሳዘነው ነበር። እንግዲህ መሄድ በራሱ ክሕደት አይደለም።

በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ሩጫ የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ሜየርን ተከትላ ዙር በዙር ሮጠች፤ በመጨረሻው ዙር ያለ ምሕረት ጥላት ሄደች። የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ባለ ወርቅም ሆነች። በዚያ ሩጫ ውስጥ ለመጠበቅ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ደራርቱ ብትጠብቅ ተጋጣሚዋን መናቅ በሆነ ነበር። ነገር ግን መስመሩን ከተሻገረች በኋላ ቆማ ኤላናን ጠበቀቻት። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተለይታ፣ ከ32 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት በዚያ ዓመት፣ አንዲት ጥቁርና አንዲት ነጭ አፍሪካዊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰዓቱን ሳይሆን ያንን ዙር ነው።

ይህን ስናስብ በሰሙነ ትንሣኤ ደጋግመን ያነበብነው፣ ግን ከሩጫችን በፊት እንደ ሩጫ አስበነው የማናውቀው ታሪክ ትዝ አለን። ከትንሣኤው በኋላ በዚያ እሑድ ማለዳ ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደ መቃብሩ ሮጡ። ወጣቱ፣ በትውፊት ዮሐንስ የምንለው፣ ጴጥሮስን ቀድሞ ደረሰ። ወንጌላዊው ስለ መቅደሙ አይወቅሰውም፤ ጴጥሮስም «ለምን ተውኸኝ» አላለውም። እግሩ ፈጣን ነውና ፈጠነ። ነገር ግን ደርሶ ጎንበስ ብሎ አየ እንጂ አልገባም። ጴጥሮስ እያለከለከ እስኪመጣ ድረስ በደጅ ቆመ፤ ጴጥሮስ ገባ፣ ከዚያ እርሱ ገባ። አበው ይህን ክፍል ስለ ጴጥሮስ ማዕረግ ይተረጉሙታል፤ ትርጓሜያቸውንም እንቀበላለን። እኛን የነካን ግን ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ አንድ ሯጭ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ወደ መጣበት መንገድ እየተመለከተ መቆሙ።

በዚህ ጊዜ ጥፋታችን የት እንደነበር ግልጽ ሆነልን። ለካ ለወራት ስንከራከር የቆየነው በተሳሳተው ስፍራ ላይ ነበር። ዳገቱ ላይ አልነበረም፤ አልጋው ላይ ነበር።

ይህን ለአንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ስናጫውተው፣ ለመጀመሪያ ቁርባን ከሚያዘጋጃቸው ልጆች አንዱ ትምህርቱን በሁለት ሳምንት እንደ ጨረሰና የቀሩት ገና ጸሎተ ሃይማኖትን እየተንተባተቡ እንደሆነ ነገረን። «ልጁን ልግታው?» አለን። አይግታው ብለን መለስንለት፤ ነገር ግን ጨርሶ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀው። መልሳችን ትክክል ስለ መሆኑ ርግጠኛ አይደለንም፤ ልጅ ሲጨርስ ወደ ኳስ ሜዳ መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ነውና።

በጥር 2011 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ ለበዓል ወዳጃችን ቤት ተጠራን። ባለቤቱ ጠላ ቀድታልን ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ያሰብነውን ተናገርን፤ ይቅርታም ጠየቅን። ለረዥም ጊዜ ዝም አለና፣

«ሂዱ ያልሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ አልተቀየምሁም። እንዲያውም ሲያልፏቸው እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። ቀጥሎም ብርጭቆውን እያየ፣ «ስጨርስ ግን ሰው ሁሉ የሚቀበለው ነበረው። እኔ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ፈለግሁዎት። እዚያው የወደቁ መስሎኝ የቀይ መስቀሎችን ድንኳን ሁሉ ዞርሁ» አለን።

እኛ በአልጋ ላይ ጋደም ብለን ሰዓታችንን ስንጽፍ፣ እርሱ ያን ደካማ እግሩን እየጎተተ እኛን ይፈልግ ነበር። ይህን ከዚያ ቀን በፊት አናውቅም ነበር። የአዘዞዋ ባልቴት ቢያዩት ኖሮ ወደ ማን እንደሚሮጥ ባልጠየቁት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሩጫ አብረን አልሄድንም፤ መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱና የመንገዱ ነገር አልፈቀደም። ነገር ግን ጸጥታው በፈቀደ ማለዳ የአዘዞን መንገድ እንይዛለን። የእኛ ጉልበት ታሟል፤ ሐኪም ዳገት በዝግታ እንድንወጣ አዝዞናል። ወዳጃችን ግን የደም ግፊቱ ተስተካክሎለት ከቀድሞው ይልቅ ቀሎታል። በቅርቡ አንድ ማለዳ ገና ከግማሹ ሳንደርስ እርሱ ዳገቱን ጨርሶ ከባሕር ዛፏ ሥር ቆሟል። ለኪዳን የሚሄዱ እናቶች በአጠገቡ ያልፉ ነበር። ቀና ስንል እጁን አነሣልን፤ ከዚያም እናቶቹ ሁሉ እየሰሙት፣

«ና እንጂ፣ አንተ!» ብሎ ጮኸ።